ሲኖዶስ ሌላ፣ ጉባኤ ሌላ፣ ማኅበር ሌላ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ከጎጃም ናቸው። ከደብረ ማርቆስ፣ ከቢቸና፣ ከደጀን፣ ከሞጣ። ሲያዩአቸው የተለያዩ ይመስላሉ፤ ሁሉም ግን አንድ ነገር ላይ ነው የሚያርፉት። በቤተ ክርስቲያን ሰው ለሚሰበሰብበት ነገር ሁሉ የየራሱ ስም አለው፤ እኛ ግን ስሞቹን እያደባለቅን ነው። እኔም ያደግሁት እዚያው ጎጃም፣ ከጉባኤ ቤት አጥር ሥር ስለሆነ ነገሩ ያንገበግበኛል። ስለዚህ የዚህን ወር ዓምድ ሙሉውን ለእነዚህ ቃላት ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት አባል ነኝ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ማስታወቂያ ተነበበ። እኛ የምንማርበት አዳራሽ ከእንግዲህ ለሰርግ ይከራያል የሚል ነው። አንባቢው «ሲኖዶሱ ወስኗል» አሉ። ደነገጥን። በኋላ ስናጣራ የወሰነው የአጥቢያችን ሰበካ ጉባኤ ነው። «ታዲያ ለምን ሲኖዶስ አላችሁ?» ብንል «ያው ነው፣ ሲኖዶስ ማለትም ጉባኤ ማለት ነው» ተባልን። እውነት ያው ነው?

መልስ፦ አይደለም እኅቴ። ሁለቱም ቃላት መሰብሰብን ይናገራሉ፣ ይኼ ልክ ነው። የሚሰበሰበው ሰውና የሚሰበሰብበት ጉዳይ ግን ለየቅል ነው።

በጉባኤ እንጀምር። ቃሉ ግእዝ ነው፣ ሥሩም «ገብአ»። ገብአ ማለት ገባ፣ ተመለሰ ማለት ነው። «ተጋብአ» ተሰበሰበ፣ «አስተጋብአ» ሰበሰበ። ስለዚህ ጉባኤ እና «ከብቱ ገባ» ስንል የምንለው «ገባ» ሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። ይኼ የሰዋስው ወሬ ብቻ ሊመስልሽ ይችላል። የቅኔ ቤት አጠገብ ያደገ ሰው ግን በዓይኑ ያየዋል። ጠዋት ተማሪዎቹ ደበሏቸውን ደርበው ይበተናሉ፤ አንዱ ዋርካ ሥር፣ አንዱ ወንዝ ዳር፣ አንዱ መቃብር መካከል ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ ግን አይሰማም። ሰዓቱ ሲደርስ ሁሉም ከያለበት ተነሥቶ ወደ የኔታ ይገባል፤ በየተራ የቆጠረውን ይናገራል፣ እሳቸውም ያርማሉ፣ ይነቅፋሉ፣ ደስ ካላቸውም ያደንቃሉ። ያ ነው ጉባኤ። የተበተነው ሲገባ። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ እያልን በኩራት የምንጠራቸው ቦታዎች በዚህ ነው የታወቁት። መምህሩ ማስተማር ሲጀምሩ «ጉባኤ ዘረጉ» ይባላል፣ ሲያቆሙ «ጉባኤው ታጠፈ»። የመጻሕፍቱ ትርጓሜም አራቱ ጉባኤያት ተብሎ ይከፈላል፦ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንት፣ መነኮሳት። ከቅኔ ዓይነቶች ሁሉ አጭሩ፣ ባለ ሁለት ቤቱ፣ ስሙ ጉባኤ ቃና ነው። ቃና ያው ጥር 12 የምናከብራት የገሊላዋ የሰርግ ቤት ናት። ስለዚህ አንድ የጎጃም ሽማግሌ «ጉባኤ» ሲሉሽ መጀመሪያ የሚታያቸው የስብሰባ ጠረጴዛ ላይሆን ይችላል።

ከዚያ ቃሉ ወጣ፣ ቢሮም ገባ። ዛሬ ቀበሌም፣ ትምህርት ቤትም፣ እድርም «ቃለ ጉባኤ» ይይዛል።

ሰበካ ጉባኤ ደግሞ የአንድ አጥቢያ አስተዳደር ነው። ሰበካ ከ«ሰበከ» የመጣ ነው፤ አንድ ደብር የሚያስተምርበትና የሚያገለግልበት ክልል ማለት ነው። በጉባኤው ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ይወከላሉ፤ የሚሰበስበው የደብሩ አስተዳዳሪ ነው። ልብ በይ፣ እናንተም ወንበር አላችሁ። ይኼ ሥርዓት የቆመው «ቃለ ዓዋዲ» በተባለው ደንብ ነው፤ ደንቡ በ1965 ዓ.ም. በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ወጣ። አቡነ ቴዎፍሎስ፣ ሁለተኛው ፓትርያርክ፣ የደብረ ኤልያስ ልጅ ናቸው። የጎጃም ጉባኤ ቤት ያሳደጋቸው አባት ምእመኑ ከካህኑ ጎን ተቀምጦ የሚመክርበትን ጉባኤ በመላ አገሪቱ መዘርጋታቸውን ሳስብ ልቤ ይሞላል። ቃለ ዓዋዲ የሚለው ራሱ «የዐዋጅ ነጋሪ ድምፅ» ማለት ነው። ዐዋዲ ማለት እየዞረ የሚናገር፤ «አዋጅ» የምንለውም ከዚሁ ነው። ሥሩ «ዖደ»፣ ዞረ፣ ነው። ዐውድ ከዚያ ይወጣል፤ ዐውደ ምሕረትም፣ በሬ እየዞረ የሚያበራየው አውድማም።

ሲኖዶስ ግሪክ ነው። «ሲን» አብሮ፣ «ሆዶስ» መንገድ። አብሮ መንገድ መሄድ ማለት ነው። ሉቃስ ምዕራፍ 2 ላይ የአሥራ ሁለት ዓመቱ ኢየሱስ በኢየሩሳሌም ሲቀር እናቱና ዮሴፍ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ይሄዳሉ፤ እዚያ ላይ «መንገደኞች» ለሚለው የግሪኩ ቃል የሲኖዶስ ታናሽ ወንድም ነው። ስንቁን ቋጥሮ፣ በእግሩ፣ ተሰባስቦ ንግሥ የሚወርድ ሰው አይተሻል አይደል? እንደዚያ ነው። በቤተ ክርስቲያን ግን ቃሉ ጠበበ። የጳጳሳት ጉባኤ ብቻ ሆነ። በእኛ ዘንድ ቅዱስ ሲኖዶስ ሲባል ፓትርያርኩ፣ ሊቃነ ጳጳሳቱና ኤጲስ ቆጶሳቱ ናቸው፤ ሃይማኖትንና ሥርዓትን በሚመለከት የመጨረሻው ወሳኝ እነሱ ናቸው። በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰበሰባሉ፣ ሁሉም ሲገኙ ምልአተ ጉባኤ ይባላል፣ በመካከሉ ያለውን ሥራ ጥቂት አባቶች ያሉበት ቋሚ ሲኖዶስ ይይዛል።

ሲኖዶስ ሁሉ ጉባኤ ነው፣ ጉባኤ ሁሉ ግን ሲኖዶስ አይደለም። የእናንተ አዳራሽ ጉዳይ የሰበካ ጉባኤ ነው። ሰበካ ጉባኤ ትንሽ ነገር ስለሆነ አይደለም ይኼን የምለው፤ የራሱ ክብርና ኃላፊነት ያለው አካል ስለሆነ በራሱ ስም ይናገር ነው የምለው። በሌላ ስም ሲነገር ሰው የሚጠይቀው አድራሻ ይጠፋዋል። ስለዚህ ወኪሎቻችሁን ላኩና በትሕትና «የስንት ቀን ቃለ ጉባኤ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቃለ ጉባኤው ላይ የማን ፊርማ እንዳለ ስታዩ ቅሬታችሁን ለማን እንደምታቀርቡ ታውቃላችሁ። እዚያ ካልተፈታ ወረዳ ቤተ ክህነት አለ፣ ከዚያ ሀገረ ስብከት አለ። ሲኖዶስ ገና ሩቅ ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ከቢቸና። አያቴ ቄስ ነበሩ፣ ከመጻሕፍታቸው መካከል «ሲኖዶስ» የሚባል ነበረ ሲባል እሰማለሁ። ሲኖዶስ የሰው ስብሰባ ከሆነ እንዴት መጽሐፍ ይሆናል?

መልስ፦ መምህር፣ የሰሙት ልክ ነው። ሲኖዶስ መጽሐፍም ነው። ጉባኤው የወሰነው ተጽፎ በጉባኤው ስም ተጠራ፤ በሐዋርያትና በጥንት አባቶች ስም የሚነገሩ ሥርዓቶችና ቀኖናዎች የተሰበሰቡበት ነው። ያውም ተራ የሕግ መጽሐፍ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን 81 ብላ ከምትቆጥራቸው ቅዱሳት መጻሕፍት መካከል አራቱ የሲኖዶስ ክፍሎች ናቸው፦ ሥርዓተ ጽዮን፣ ትእዛዝ፣ ግጽው እና አብጥሊስ። ከመጽሐፈ ኪዳን፣ ከቀሌምንጦስና ከዲድስቅልያ ጋር ሆነው በሐዲስ ኪዳን በኩል ይቆጠራሉ። ስለዚህ አባቶች «ሲኖዶስ እንዲህ ይላል» ሲሉ የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ ከነገሩ አካሄድ መለየት ያስፈልጋል። ዛሬ የተሰበሰቡትን ጳጳሳት ሊሆን ይችላል፣ በብራና የተጻፈውንም ሊሆን ይችላል። በአያትዎ ዘመን ሁለተኛው ነበር የሚቀድመው። ምክንያቱን ደግሞ ቀጥሎ ያለው ጠያቂ ጥሩ አድርጎ ያወጣልናል።

ጥያቄ፦ የታሪክ ተማሪ ነኝ፣ ከሞጣ። ኒቅያም «ጉባኤ» ነው፣ ቦሩ ሜዳም «ጉባኤ» ነው። ቦሩ ሜዳን ግን ማንም ሲኖዶስ ብሎ ሲጠራው አልሰማሁም። ለምን?

መልስ፦ ጳጳስ ስላልነበረበት ነው። ደስ የሚል ጥያቄ ነው ያነሣኸው፣ ትንሽ ላፍታታው።

ኒቅያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ325 የተደረገ ነው። ንጉሡ ቆስጠንጢኖስ ጠራው፣ የተሰበሰቡት ግን ጳጳሳት ናቸው። ቤተ ክርስቲያናችን 318 ብላ ትቆጥራቸዋለች። «ሠለስቱ ምእት» የምንላቸው እነሱ ናቸው፤ ቃል በቃል «ሦስት መቶ» ማለት ነው፣ 18ቱ በአነጋገር ቀርተዋል። በስማቸው የሚጠራ ቅዳሴም አለን፣ ከ14ቱ አንዱ ነው። ከዚያ በ381 ቁስጥንጥንያ 150፣ በ431 ኤፌሶን 200 ሊቃውንት ተሰበሰቡ። እኛ የምንቀበላቸው ዓለም አቀፍ ጉባኤያት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። የ451ዱን ኬልቄዶንን አንቀበለውም፤ ከግብፅ፣ ከሶርያና ከአርመን አብያተ ክርስቲያናት ጋር አንድ ያደረገንም ይኼው ነው።

ቦሩ ሜዳ ሌላ ነው። ወሎ ውስጥ፣ በ1870 ዓ.ም.። የጠሩት አፄ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ነበሩ። የተከራከሩት ሊቃውንት ናቸው፤ ስለ ክርስቶስ ልደትና ቅብዐት ለረጅም ዘመን የቆየውን ክርክር ለመቁረጥ። ጎጃምም በዚያ ክርክር ውስጥ ድርሻ ነበረው፣ ይኼን አንተም ታውቀዋለህ። ግን ልብ በል፦ በዚያ ሰዓት አገሪቱ አንድም ጳጳስ አልነበራትም። አቡነ አትናቴዎስ አርፈዋል፣ የሚተካቸው ገና አልመጣም። ለዘመናት ጳጳስ የሚመጣልን ከእስክንድርያ ነበር፣ ያውም ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ፤ አንድ ጳጳስ ደግሞ ብቻውን ሲኖዶስ አይሆንም። ከቦሩ ሜዳ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው አራት ጳጳሳት በአንድ ጊዜ ከግብፅ የመጡት። ከእነሱ አንዱ አቡነ ሉቃስ ለጎጃም ደረሱ። ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት መሾም የጀመሩት በ1921 ዓ.ም. ነው፣ የመጀመሪያው ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ የተሾሙት በ1951 ዓ.ም.።

እንግዲህ ለአያቶቻችን ሲኖዶስ በሣጥን የተቀመጠ መጽሐፍ እንጂ በየዓመቱ በዜና የሚሰማ ስብሰባ ያልነበረው ለዚህ ነው። ከዚያ በፊት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1450 ደብረ ምጥማቅ ላይ፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ ስለ ሰንበት አከባበር የተወሰነውንም ጉባኤ የምንለው እንጂ ሲኖዶስ የማንለው በዚሁ ልማድ ነው። ያን ጊዜ ጳጳሳት ነበሩ፤ ነገሩን የያዙት ግን ንጉሡ፣ መነኮሳቱና ሊቃውንቱ ናቸው። የእኛ አገር የጉባኤ ታሪክ በሊቃውንት ጫንቃ ላይ የቆመ ነው። ይኼንን እንደ ጉድለት የሚያዩት አሉ። እኔ እንደ ጸጋ ነው የማየው፤ ከቆሎ ተማሪነት ተነሥቶ በንጉሥ ፊት ቆሞ መጽሐፍ እየጠቀሰ የሚከራከር ሰው ያፈራ ሥርዓት ነውና።

ጥያቄ፦ ሲኖዶስ በጥቅምትና ከፋሲካ በኋላ የሚሰበሰበው ለምንድን ነው? ርክበ ካህናትስ ምን ማለት ነው? ከቡሬ።

መልስ፦ ሁለቱ ጊዜያት በሐዋርያት ቀኖና የተጻፉ ናቸው፤ አንዱ ጥቅምት 12፣ አንዱ በበዓለ ኃምሳ ውስጥ በአራተኛው ሳምንት። ርክበ ካህናት ሁለተኛው ነው። ፋሲካን አንድ ብለህ ስትቆጥር 25ኛው ቀን ነው፣ ሁልጊዜ ረቡዕ ይውላል። ርክብ የመጣው ከ«ረከበ» ነው፣ አገኘ። የካህናት መገናኘት ማለት ነው። «ተረከበ»፣ «ርክክብ» የምንለውም ከዚያው ሥር ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ፍኖተ ሰላም አካባቢ የሚካኤል ማኅበር አለን። አንድ ከከተማ የመጣ ዘመዳችን ማኅበራችሁ ሰንበቴ ነው አለን። ተከራከርን። ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ ጽዋ፣ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ዘመዳችሁ ተሳስቷል፣ ግን አትቀየሙት፣ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ሰንበቴ በእሑድ ነው፣ ስሙም ይናገራል። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ በሰንበቴ ቤት ይበላል፤ ተረኛው ጠላውንና ዳቦውን እዚያ ያመጣል፣ የኔ ቢጤውም የቆሎ ተማሪውም አብሮ ይቀምሳል። ማኅበር ግን በወር አንድ ቀን በአንድ ቅዱስ ስም ነው፤ የእናንተ በ12። የሚደረገውም ከቤት ወደ ቤት በተራ ነው። ጽዋ ደግሞ ማኅበሩ የሚጠጣበት ዕቃ ነው፣ ከጊዜ ብዛት የማኅበሩ ራሱ ስም ሆነ።

ልጅ ሆኜ በጣም የምወዳት ሰዓት የጽዋው ርክክብ ነበረች። ጽዋው ነጭ ጨርቅ ለብሶ በመካከል ይቀመጣል። ካህኑ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ሁሉም ከጽዋው ይቀምሳል። ከዚያ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ይነሣል። ወንድ ሆነ ሴት፣ ነጠላውን አስተካክሎ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ነው የሚቀበለው። በአንድ እጅ የተቀበለ ሰው አይቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን የነበሩ አሮጊት ተራቸው ደርሶ፣ ያ ዓመት ዝናብ የተጓደለበት ነበርና ቤታቸው ምንም የለም። ያም ሆኖ ተቀበሉ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ክዳኑ ሲንኳኳ ይሰማኛል እስካሁን። በወሩ ስንሄድ ጠላው ሞልቷል፤ የማኅበሩ ሰው አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ገብስ፣ አንዱ እንጨት እያለ በጨለማ አድርሶላቸው ኖሯል። ማን እንዳመጣ ማንም አልተናገረም።

የቃሉም ሥር ይኸው ነው። ማኅበር የመጣው ከ«ኀብረ» ነው፣ አንድ ሆነ፣ ተባበረ። ኅብረትም፣ «አብሮ» የምንለውም ከዚያው ነው። የማኅበሩን መሪ ሙሴ ማለታችንም ለምን እንደሆነ አትርሱ፤ ሕዝብ ይዞ የሚሄድ ነውና። የቀረውን የሚጠይቅ፣ የተጣላውን የሚያስታርቅ እሱ ነው። ሙሴ አይወስንም፣ ያስማማል። ማኅበር ከጉባኤና ከሲኖዶስ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ የተሰበሰበው ለመከራከር ወይም ለመደንገግ አይደለም፣ አብሮ ለመሆን ነው።

ጥያቄ፦ የመካነ ኢየሱስ አባል ነኝ፣ የምኖረው ደጀን ነው። እኛ ሲኖዶስ ስንል የጳጳሳት ስብሰባ ማለታችን አይደለም። ተሳስተን ነው?

መልስ፦ አልተሳሳታችሁም። በእናንተ ቤት ሲኖዶስ የአንድ አካባቢ ማኅበረ ምእመናንን አንድ ላይ የያዘ መዋቅር ነው፤ ስለዚህ ብዙ ሲኖዶሶች ይኖራሉ። ይኼ አጠራር በሌሎች አገሮች የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናትም አለ። በካቶሊክ ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1962 እስከ 1965 የተደረገውን ትልቁን ስብሰባ «ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ» ሲሉት፣ ሲኖዶስ የሚሉት ለሮማው ጳጳስ ምክር የሚሰጡ ጳጳሳት የሚሰበሰቡበትን ነው። ቃሉ አንድ፣ ቤቱ ሦስት። ከጎረቤት ጋር ስትጨዋወቱ መጀመሪያ «በእናንተ ዘንድ ሲኖዶስ ምንድን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ግማሹ ክርክር እዚያው ያልቃል።

ጥያቄ፦ ዳዊት እየደገምኩ ነው፣ ባሕር ዳር። መዝሙር 1 ላይ ግእዙ «ወኢኃጥኣን ውስተ ምክረ ጻድቃን» ይላል። አማርኛው «በጻድቃን ማኅበር» ይላል። ምክር እና ማኅበር አንድ ነው እንዴ?

መልስ፦ ዓይንህ ስለታም ነው። የግእዙ ዳዊት የተተረጎመው ከግሪክ ነው፤ የግሪኩ ቃል ምክርም፣ የሚመክሩ ሰዎች ሸንጎም ማለት ነው። ተርጓሚው ምክር አለው። የዕብራይስጡ ቃል ግን የተሰበሰበ ሕዝብን ነው የሚናገረው፣ አማርኛው ማኅበር ያለው ከዚያ ጋር ገጥሞ ነው። እንግዳ እንዳይሆንብህ፣ እኛም ዛሬ «ምክር ቤት ወሰነ» ስንል ምክርን ለሰዎቹ እየሰጠን ነው። በነገራችን ላይ ሸንጎ የሚለውን አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ለአይሁድ ሊቃነ ካህናት ፍርድ ሸንጎ ይጠቀምበታል። የግሪኩ ስም «አብሮ መቀመጥ» ማለት ነው። ሲኖዶስ አብሮ መሄድ፣ ሸንጎው አብሮ መቀመጥ። ደርግ መጨረሻ ላይ ፓርላማውን «ብሔራዊ ሸንጎ» ስላለው ለኔ ትውልድ ሰው ቃሉ ሌላ ነገር ነው የሚያስታውሰው።

ጥያቄ፦ ለማኅበራችን ማኅተም ልናስቀርጽ ነው። «ጉባኤ» ነው «ጉባዔ»? «ማኅበር» ነው «ማህበር»? ጸሐፊው ከደብረ ወርቅ።

መልስ፦ ጉባኤ፣ በአልፋው አ። ሥሩ ገብአ ነውና ዐይኑ ዐ አይገባበትም። ምልአተ ጉባኤም እንዲሁ፣ ከመልአ ስለሆነ «ምልዓተ» ተብሎ መጻፉ ልማድ ነው እንጂ ሥሩ አይደለም። ማኅበር በብዙኃኑ ኀ ነው። በጋዜጣና በስልክ «ማህበር» ተብሎ ቢጻፍ ማንም አይከስሳችሁም፤ ማኅተም ግን ለልጅ ልጅ የሚቆይ ስለሆነ በሥሩ ይጻፍ። ለቀራጩ በስልክ አትንገሩት። በወረቀት፣ በትልቁ ጽፋችሁ ስጡት፤ ከመቅረጹም በፊት ናሙናውን አይታችሁ ፈርሙበት።